ያየ ሰው ምን ይጠየቃል? ስለ ሰማይ ምስክሮችና ስለ ወታደራዊ ምርመራ

(በፒያሳ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ያደግሁት ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ነው። ግቢያችን ዛሬ የለም። የእንጨት ሰገነቱም የለም። ስለዚህ ንግግሬን የምጀምርበት ታሪክ ከእኔ ቃል በስተቀር ምንም ማስረጃ የለውም፤ ይህንንም አስቀድሜ የምናገረው ሆን ብዬ ነው።

አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሰገነቱ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከእንጦጦ በኩል አንድ ብርቱካናማ ብርሃን ሲመጣ አየሁ። ድምፅ አልነበረውም። እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ብልጭ ብሎ የጠፋም አይደለም፤ ረጋ ብሎ ወደ ቦሌ አቅጣጫ ተጓዘ፣ ለሁለት ተከፈለ፣ ከዚያ ጠፋ። ሮጬ ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ነበር?» ብላ አይደለም። «ስታይ ያየህ ሰው አለ?» ነበር ያለችኝ። ቀጥላም «ማንም ቢጠይቅህ አላየሁም በል» አለች። ዘመኑ ደርግ ነበር። አንድ ልጅ ሰማይ ላይ ምን አየ የሚለው ጥያቄ፣ ልጁ ለምን ወደ ሰማይ ያይ ነበር፣ ማን ላከው ወደሚል ጥያቄ በቀላሉ ሊለወጥ እንደሚችል እናቴ ታውቅ ነበር።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ መለወጥ ነው። አንድ ሲቪል ሰው ያየውን ነገር ወታደር ሲመረምረው፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ምን ይሆናል?

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ጋዜጦቻችን «ዩፎ» የሚባለውን ብዙ ጊዜ «ማንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል» ብለው ይተረጉሙታል። ቃሉን እያስተዋልን እንጠቀም። «ማን» የምንለው ለሰው ነው፤ ለነገር «ምን» እንላለን። ማንነቱ ያልታወቀ ስንል ውስጡ አንድ የሚያስብ አካል እንዳለ አስቀድመን ፈርደናል። እኔ «ምንነቱ ያልታወቀ» እላለሁ። ልዩነቱ አንድ ፊደል ይመስላል፤ ምርመራው ግን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1947 ኬኔት አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ ሲቪል አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት በሬኒየር ተራራ አቅራቢያ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች በከፍተኛ ፍጥነት ሲበሩ ማየቱን ተናገረ። አካሄዳቸውን ሲያስረዳ ውኃ ላይ እንደተወረወረ፣ እየነጠረ እንደሚሄድ ሳህን ነው አለ። ሳህኑ የገባው እንቅስቃሴውን ለማስረዳት እንጂ ቅርፁን ለመግለጽ አልነበረም። ጋዜጦች ግን «በራሪ ሳህን» ብለው ጻፉ፤ ከዚያ ወዲህ ሰዉ በየአገሩ ሳህን ያይ ጀመር። እኛም በፒያሳ ሲኒማ ቤቶች ያየነው ያንኑ ሳህን ነው።

የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ሁለት የመረጃ መኮንኖችን ልኮ አርኖልድን አነጋገረ። እነዚያ ሁለት መኮንኖች በሳምንታት ውስጥ፣ ኋላ የፈጠራ ወሬ ሆኖ የተገኘ ሌላ ታሪክ ለማጣራት ሄደው ሲመለሱ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ይህን የምጠቅሰው ምርመራው ገና ከጅምሩ ቀልድ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ጊዜው ቀዝቃዛው ጦርነት የሚጠባበት ጊዜ ነበር፤ የወታደሮቹ ፍርሃት ከማርስ ሳይሆን ከሞስኮ ነበር። በመጨረሻ «ፕሮጀክት ብሉ ቡክ» የተባለው የአየር ኃይሉ ክፍል ሥራውን ሲዘጋ፣ ከ1947 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት ሪፖርቶች 12,618 ደርሰው ነበር። ከእነዚህ 701ዱ ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀርቷል።

ብዙ ሰው የሚከራከረው ስለ 701ዱ ነው። እኔ ግን ትኩረቴ የተቀሩት ላይ ነው፤ መልስ አግኝተዋል የተባሉት ወደ አሥራ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሪፖርቶች ላይ። መልሱን ማን ሰጠ? ለማን ሲባል?

እ.ኤ.አ. በጥር 1953 የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. በፊዚክስ ሊቁ በሃዋርድ ሮበርትሰን ሰብሳቢነት የሳይንቲስቶች ጉባኤ ጠራ። ጉባኤው ለጥቂት ቀናት ተቀምጦ፣ ታዩ የተባሉት ነገሮች በራሳቸው ለአገር ደኅንነት አደጋ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። አደጋው ሌላ ነው አለ፤ የሪፖርቱ ብዛት! እውነተኛ የጠላት ጥቃት ቢመጣ የስልክና የመልእክት መስመሩ በሰማይ ወሬ ተጨናንቆ ይገኛል። ስለዚህ ሕዝቡ ለዚህ ነገር ያለው ጉጉት በትምህርትና በመገናኛ ብዙኃን እንዲቀዘቅዝ፣ በጉዳዩ ላይ የተደራጁ የሲቪል ማኅበራትም በዓይነ ቁራኛ እንዲታዩ መከረ። እስቲ አካሄዱን ተመልከቱ። ምርመራው «ይህ ሰው ያየው ምንድን ነው?» ብሎ ጀመረ፤ «ይህ ነገር ያሰጋናል?» ወደሚለው ተሻገረ፤ በመጨረሻ የሚያሰጋው ነገር ራሱ ተመልካቹ ሆኖ ተገኘ። የእናቴን ጥያቄ አስታወሳችሁ?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ የሚሺጋኑ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1966 በሚሺጋን ግዛት በዴክስተር ከተማ አቅራቢያ አንድ ገበሬ ከቤተሰቡ ጋር ረግረግ መሬት ላይ ብርሃን አየ። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ በሂልስዴል ኮሌጅ የሚማሩ በርካታ ሴት ተማሪዎች ከማደሪያቸው መስኮት ተመሳሳይ ነገር አዩ። አየር ኃይሉ አማካሪውን፣ የሥነ ፈለክ ምሁሩን ጆሴፍ አለን ሃይኔክን ላከ። ሃይኔክ ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ፣ ጋዜጠኞች በተጨናነቁበት አዳራሽ በዲትሮይት መግለጫ ሰጠ። ከተናገረው ሁሉ ሰዉ የያዘው አንድ ነገር ነው፤ ከበሰበሰ ረግረግ የሚወጣ ጋዝ ሊሆን ይችላል ማለቱን። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ጋዜጣ ላይ ሲደርስ «ነው» ሆነ። ገበሬው የአገር መሳቂያ ሆነ፤ ረግረግ አጠገብ የሚኖር ሰው ረግረግ ምን እንደሚመስል ከከተማ በመጣ ምሁር ተነገረው።

ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። የግዛቱ የምክር ቤት ተወካይ ጄራልድ ፎርድ፣ ኋላ ፕሬዝዳንት የሆኑት፣ ሕዝቡ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ይገባዋል ብለው ምክር ቤቱ ጉዳዩን እንዲመረምር ጠየቁ። በሚያዝያ ወር የምክር ቤቱ የመከላከያ ጉዳዮች ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ጥናቱ ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲና ለፊዚክስ ሊቁ ለኤድዋርድ ኮንዶን ተሰጠ። የኮንዶን ሪፖርት ተጨማሪ ጥናት ለሳይንስ የሚጠቅም አይደለም ብሎ ደመደመ፤ አየር ኃይሉም በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ. ብሉ ቡክን ዘጋ። ሃይኔክ በበኩሉ ሐሳቡን ቀይሮ በ1973 የራሱን የሲቪል ጥናት ማዕከል አቋቋመ። እኔ እንደሚመስለኝ ሃይኔክን የቀየሩት ሰማይ ላይ የታዩት መብራቶች አይደሉም፤ ለዓመታት ፊት ለፊት ተቀምጦ ያነጋገራቸው ሰዎች ናቸው። ሰው ስታዳምጥ ትለወጣለህ። ይህ ግምቴ ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ እንዳትጽፉት።

የጉዳዩ መራራ ክፍል የወጣው ከዘመናት በኋላ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ጄራልድ ሄይንስ የተባለ የታሪክ ባለሙያ በሲ.አይ.ኤ. የጥናት መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ከቀረቡት ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዩ-2ን በመሳሰሉ ምስጢራዊ የስለላ አውሮፕላኖች የመጡ ነበሩ። ግምቱ ከፍ ብሏል የሚሉ ተቺዎች አሉት፤ እኔም ቁጥሩን እንደ ወንጌል አልይዘውም። ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። የሲቪል አውሮፕላን ከሚደርስበት ከፍታ በእጥፍ ከፍ ብሎ የሚበር፣ ፀሐይ ለምድር ከጠለቀች በኋላ ክንፉ ገና የሚያበራ ነገር ያዩ አብራሪዎች ያዩት ትክክል ነበር። መርማሪዎቹ ከሲ.አይ.ኤ. ጋር አመሳክረው መልሱን ሲያውቁት መናገር አልቻሉም። ስለዚህ የበረዶ ቅንጣት ነው፣ የአየር ሙቀት መገለባበጥ ነው ተባለ። ያየ ሰው እንዳላየ ተደረገ፤ ያደረጉትም የሚያውቁት ናቸው።

አሜሪካ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ መዝገቧን የከፈተች እሷ ስለሆነች ነው። ሌላ ቦታም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። መስከረም 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ የቴህራን ነዋሪዎች እንግዳ ብርሃን አየን ብለው ስልክ ደወሉ። የኢራን አየር ኃይል ተረኛ ጄኔራል በመጀመሪያ ኮከብ ነው ለማለት ዳድቷቸው ነበር፤ ራሳቸው ወጥተው ካዩ በኋላ ግን ሁለት ኤፍ-4 ተዋጊ አውሮፕላኖችን ተራ በተራ አስነሡ። አብራሪዎቹ ሲቀርቡ የመገናኛ መሣሪያቸው እንደከዳቸው ተናገሩ። ጁፒተር ነበረች፣ የአውሮፕላኑም ዕቃ ብልሽት ነበረበት የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። እኔን የሚገርመኝ አንድ ጄኔራል የሲቪሎችን ስልክ ሰምቶ፣ ወጥቶ ቀና ብሎ ማየቱ ነው። ቀና ብሎ ማየት ምንም ወጪ የለውም፤ ግን እምብዛም አይደረግም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሰማይ ላይ የታየን ነገር መንግሥት ሲተረጉመው በእኛም ታሪክ የቆየ ነው፤ ከብሉ ቡክ አምስት መቶ ዓመት ይቀድማል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከደቂቀ እስጢፋኖስ ወገን የሆኑ ሰዎች በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀናት በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ ብርሃኑን እግዚአብሔር ፍርዱን እንዳጸደቀ ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ በቦታው ቤተ ክርስቲያን፣ ኋላም ቤተ መንግሥት አሠሩ። ዛሬ ደብረ ብርሃን የምንለው ከተማ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ይሆናል ብለው ገምተዋል። ችግሩ ትውፊቱ የሚያስታውሰው ወር መጋቢት ነው፤ ጅራታሙ ኮከብ ደምቆ የታየው ግን ወደ ሰኔ ገደማ ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ እኔን የሚያሳስበኝ የኮከቡ ማንነት አይደለም — ይቅርታ፣ ምንነት! አያችሁ፣ እኔም ተሳሳትኩ። የሚያሳስበኝ በዚያ ሌሊት ብርሃኑን ያዩት ሁሉ መኖራቸው ነው። የተወገሩት ሰዎች ዘመዶችም ያንኑ ብርሃን አይተውታል። እነርሱ ምን ብለው ተረጎሙት? የከተማው ስም የያዘው የአንዱን ወገን ንባብ ነው።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከጣሊያን አውሮፕላኖች የወረደውን መርዝ ያዩ ገበሬዎችና ወታደሮች አሉ። ብዙዎቹ አውሮፕላን ራሱን ባዩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከአውሮፕላን የሚወርድና ሥጋ የሚያቃጥል ዝናብ አዩ። «ጋዝ» የሚል ቃል አልነበራቸውም፤ «ዝናብ» አሉ፤ ገለጻቸው ግን ልክ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ አስረዱ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት። ምስክሮቹ አብዛኞቹ አርፈዋል። ስለዚህ አንድ የገጠር ሰው ሰማይ ላይ ያየውን ሲነግረን «ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል» ለማለት የምንቸኩል ምሁራን ይህን ስድሳ ዓመት እናስታውስ።

በዓለም የዩፎ መጻሕፍት ውስጥ ኢትዮጵያ የምትነሣበት አንድ ታሪክም አለ። እንደ መጻሕፍቱ ነሐሴ 1 ቀን 1962 ዓ.ም. በአስመራ አቅራቢያ፣ «ሳላዳሬ» ብለው በሚጽፏት መንደር፣ ቀይ የእሳት ኳስ የመሰለ ነገር ረፋድ ላይ እየተምዘገዘገ አልፎ ቤቶች አፈራረሰ፣ ሣር አቃጠለ፣ አስፋልት አቀለጠ፤ ሰዎች ቆሰሉ፣ አንድ ሕፃንም ሞተ። ታሪኩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚዞረው በጥቂት መስመሮች ነው። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በዚያው ዘመን አስመራ ላይ ቃኘው የሚባለው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ ግዙፍ አንቴናዎቹን ዘርግቶ ከሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮች የሚመጣውን ምልክት ይሰማ ነበር። አንድ ሰማይ ሥር፣ በመሣሪያ የሚያዳምጡና በባዶ ዓይን የሚያዩ ሰዎች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሥራ በዝርዝር ተመዝግቧል። የሁለተኞቹ ቃል ጥቂት መስመር ነው።

ዛሬስ? ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በኬንያ ማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ በምትባል መንደር ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም የሚደርስ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወደቀ፤ የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ የሮኬት አካል መሆኑን ገለጸ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በጥር መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰዎች እየነደዱ የሚጓዙ ነገሮችን ሰማይ ላይ አይተው በስልካቸው ቀረጹ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም የሜትሮር አካል ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ጊዜውን አስታውሱ፤ የአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሳይቀር የሚያነቃንቅበት ሰሞን ነበር፤ ሰው ከታችም ከላይም ተጨንቋል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በአገራችን ብዙ ቦታ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ «ድሮን ይሆን?» የሚል ሆኗል። ለእነዚህ ሰዎች ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል የመዝናኛ ርዕስ አይደለም። ልጆችን ከሜዳ ወደ ቤት ማስገባት ወይም አለማስገባት ነው።

ወታደር መመርመር የለበትም እያልኩ አይደለም። የአገርን ሰማይ የሚጠብቅ አካል «ያሰጋል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ሥራው ነው። ግን «አያሰጋም» የሚለው መልስ ለእርሱ የመዝገቡ መዝጊያ ሲሆን ለተመልካቹ ገና መጀመሪያው ነው። ፈረንሳይ ይህን ቀደም ብላ ተረድታ በ1977 እ.ኤ.አ. ሥራውን በቱሉዝ ለሚገኘው የሲቪል ጠፈር ማዕከሏ ሰጠች። ቃል የሚቀበለው ጄንዳርሜሪ ነው፤ የሚተነትነው ሲቪል ነው፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣል። እኛ ደግሞ በእንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ይሁንና ቴሌስኮፕ የሰማይን እንጥፍጣፊ ነው የሚያየው። ሰፊውን ሰማይ የሚያየው ማታ ደጅ የተቀመጠው ሰው ነው።

ለዚህ ሰው ጥያቄ ማዘጋጀት ደግሞ ከውጭ ቅጽ እንደመገልበጥ ቀላል አይደለም። የብሉ ቡክ ቅጽ ያየኸውን ነገር ክንድህን ዘርግተህ በያዝከው የአተር ፍሬ ወይም ሳንቲም መሸፈን ትችላለህ ወይ ይል ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሰው «ትልቅ ነበር» ሲል ምንም አልነገረንም። የእኛ አባቶች ግን ከሳንቲም የተሻለ መለኪያ ትተውልናል። ክንዳችሁን ዘርጉ፤ አዎ፣ አሁን፣ አትፈሩ! አንድ ጣት ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው። ጡጫ አሥር ነው። ስንዝር ሃያ ነው። አንዲት የሽምብራ ፍሬ ሙሉ ጨረቃን ትሸፍናለች፤ የማያምን ዛሬ ማታ ይሞክር።

ሰዓቱም አለ። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት» የሚል ቃል ውጭ አገር የተማረ መርማሪ እጅ ገብቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ተብሎ ቢተረጎም፣ ምርመራው በስድስት ሰዓት ይስታል፤ በስድስት ሰዓት ደግሞ ሰማዩ ሩብ ዙር ዞሯል። የምሽቷ ኮከብ ቬነስ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከሦስት ሰዓት ያህል በላይ ሰማይ ላይ አትቆይም፤ ስለዚህ በአንዱ አቆጣጠር ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች፣ በሌላው ነጻ ትወጣለች። አቅጣጫም እንዲሁ። የፒያሳ ሰው ሰሜን አይልም፤ «ወደ እንጦጦ» ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም። የቆመበትን ቦታ ከነገረን፣ «ከእንጦጦ ማርያም በስተቀኝ አንድ ጡጫ ከፍ ብሎ» የሚል ሰው ከኮምፓስ የማያንስ ምስክር ነው። ጣሪያው፣ የመብራት እንጨቱ፣ ሰገነቱ ሁሉ መለኪያ ነበር። እነዚህ መለኪያዎች ከሰፈራችን እየጠፉ ስለሆነ ቸኩለን መጠየቅ አለብን።

አሁን ሰማይ ላይ የምናያቸው ነገሮች በዝተዋል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተርታ እየተሰለፉ የሚያልፉት የስታርሊንክ ሳተላይቶች አሉ። ወደ ቦሌ ለማረፍ ፊት ለፊታችን የሚመጣ አውሮፕላን መብራቱ ለብዙ ደቂቃ የቆመ ይመስላል። በጨለማ ውስጥ አንድን የቆመ ነጥብ ትኩር ብሎ ያየ ሰው ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ይህ የዓይን ጠባይ እንጂ ውሸት አይደለም። ጥሩ ጠያቂ እነዚህን ሁሉ ያውቃል፤ ግን ምስክሩ ተናግሮ ሳይጨርስ አያነሣቸውም።

ከጥቂት ተማሪዎቼ ጋር ሆነን በአማርኛ አንድ ቅጽ አዘጋጅተናል። ሁለት ገጽ ነው፤ መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ቆመው ነበር?» የሚል ሲሆን፣ «ምን ይመስልዎታል?» የሚለው የመጨረሻው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ተከራክረናል።

ለሙከራ በመጀመሪያ የሞላሁት እኔ ነኝ። ቦታ፦ ዶሮ ማነቂያ፣ ሰገነት ላይ። ሰዓት፦ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። አቅጣጫ፦ ከእንጦጦ ወደ ቦሌ። ስፋት፦ ከጣት ያነሰ። ቀለም፦ ብርቱካናማ። ድምፅ፦ የለም። የቆየበት ጊዜ፦ አንድ ሰው ከሰገነት ሮጦ ጓዳ ከሚደርስበት ይበልጣል። ቀኑን መጻፍ አልቻልኩም። ዓመቱን ባውቅ ከምድር ዙሪያ ወደ ከባቢ አየር ተመልሰው ከተቃጠሉ የሮኬት አካላት መዝገብ ጋር አመሳክረው ነበር፤ አካሄዱና ለሁለት መከፈሉ ወደዚያ ያደላል። ዓመቱን ልታስታውስ የምትችለው እናቴ ብቻ ነበረች። ከማረፏ በፊት ጠይቄያት ነበር። «አላየሁም በል አላልኩህም?» አለችኝና ሳቀች።

ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑ በስተግራ በኩል አለ።